እስከ አረፋ ብቻ

ውድ ዱንያ፣

የምጽፍልሽ ስልክሽን ስለማታነሺ ነው። ተቀይሜሽ ነበር። አሁን ሙሉ በሙሉ ለቆኛል ባልልሽም፣ ቢያንስ ውድ ብዬ ስምሽን መጻፍ ችያለሁ። አብሮን የተማረው ቢኒ ለሥራ ሐዋሳ ስለሚመጣ፣ የምትሠሪበት ክሊኒክ ድረስ ሄዶ እጅሽ ላይ እንዲያስቀምጥልኝ ለምኜዋለሁ። አንብበሽ እስክትጨርሺ አጠገብሽ እንዳይቆምም ነግሬዋለሁ።

በመጀመሪያ ከፍርሃት ላውጣሽ፤ አባትሽ ደህና ናቸው። ይበላሉ፣ እንቅልፋቸው ጥሩ ነው፣ ባለፈው ሳምንት ወንድምሽን ነስሩን ሲሰድቡ ታች ሱቅ ድረስ ተሰምቷል። አሁን ረጋ ብለሽ አንብቢ።

ሦስተኛ ዓመት እያለን መምህር አድነው ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ያስተማረንን ቀን ታስታውሺያለሽ? ከምሳ በኋላ ነበር፤ ግማሹ ክፍል ያንቀላፋል። «ስትመረቁ ከአረጋውያን ጋር መሥራት የሚፈልግ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ማንም እጁን አላወጣም። ከኋላ አንዱ «ምን አጥፍተን፣ መምህር?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሱ ግን አልሳቀም። አንቺን አስነስቶ «አንቺስ፣ ዱንያ?» አለሽ። አንቺም ምንም ሳታመነቺ «መምህር፣ እሱ እኮ የልጅ ሥራ ነው። ማንም ሴት ልጅ ቤቷ ትሠራዋለች። ለሱ አራት ዓመት መማር ምን ያደርጋል?» አልሽ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩልሽ እኔ ነበርኩ።

የኔን ፍላጎት ታውቂዋለሽ። ቦምቤ ጤና ጣቢያ ለተግባር ልምምድ የተላክን ጊዜ፣ ያቺ ሳታለቅስ የተወለደች ሕፃን እጄ ላይ መተንፈስ ከጀመረች ወዲህ ከጨቅላ ሕፃናት ሌላ ሥራ አልታየኝም። ሽማግሌ ለኔ እንደ በሽተኛ እንኳን አይቆጠርም ነበር። በሽተኛ ድኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እነሱ ድነው የት እንደሚሄዱ አይገባኝም ነበር።

ከዚያ ተመረቅን፤ ሥራ ግን አልነበረም። አንቺ ሶዶ አባትሽ ቤት፣ እኔ በዴሳ አባቴ ቤት ተቀመጥን። አባቴን ታውቂው የለ፣ ገበያ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ «ልጄ ነርስ ናት» ይላል። «የት ነው የምትሠራው?» ብለው ሲጠይቁት ስለ በሬ ዋጋ ማውራት ይጀምራል። ማታ እራት ላይ ቀና ብሎ አያየኝም።

የደወልሽልኝ በዚያ ሰሞን ነው። «ትርፌ፣ አባ ወደቀ» አልሽና ሌላ ቃል መጨመር አቃተሽ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አልጠበቅኩም፤ በሞተር ተሳፍሬ አቧራ ለብሼ ደረስኩ። ከሱቁ በላይ ያለውን ደረጃ ስወጣ አንቺ ጫፉ ላይ ቆመሽ ነበር። አቅፈሽኝ «አንቺ ካለሽ አልፈራም» አልሽኝ። ይህን ስትይኝ ምን ያህል እንደኮራሁ ብታውቂ!

ሁለታችን አብረን የሠራንባቸው ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። የመታቸው ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ይዞት አፋቸውም ተጣሞ ነበር፤ ቢሆንም ይቀልዱ ነበር። በአንሶላ ሸፍነን ትንሽ ትንሽ እየገለጥን ስናጥባቸው «ሁለት ዶክተር ያለው ሀብታም እኔ ብቻ ነኝ» ይሉን ነበር። አንቺ ራሳቸውን ስትይዢ እኔ እግራቸውን እይዛለሁ፤ ቆጥረን እኩል እናነሳቸዋለን። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትቀጥላለች።

ከዚያ የሐዋሳው ክሊኒክ ጠራሽ። ደስታሽን ልትደብቂኝ ስትሞክሪ አየሁሽ። «እስከ አረፋ ብቻ፣ ትርፍዬ» አልሽኝ። «ለአረፋ መጥቼ እረከብሻለሁ።» ልክ ተረኛ እንደምትቀይር ነርስ ነበር የተናገርሽው፤ እኔም እንደዚያው አመንኩሽ። ያ አረፋ አለፈ። ሥራ በዛ አልሽ። ሌላም አረፋ አለፈ፤ ምንም አላልሽም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ አንድ ጠዋት አባትሽ «ዱንያ» ብለው ጠሩኝ።

«ትርፌ ነኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ዱንያ፣ ውኃ አምጪ።»

ነስሩ በር ላይ ቆሞ ሰምቶ ነበር። ወደ ውጭ ጠራኝና «ተይው ትርፌ፣ አታርሚው። በሽታው ነው። አቤት ብትይው ምን ትጎጃለሽ?» አለኝ። ምን እንደምጎዳ ያኔ እኔም አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዱንያ ሲሉኝ «አቤት አባ» እላለሁ።

ሆስፒታል ስንለማመድ ምንም ያህል ቢከብድ ተረኛዋ ትመጣለች፤ አስረክበሽ፣ ጋውንሽን አውልቀሽ ትወጫለሽ። እዚህ ርክክብ የለም። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ትንሽ ከቆየሁ የነስሩ ሚስት ናዲያ ትደውላለች፤ «አባ እየጠራሽ ነው።» መዝሙር ልምምድ ላይ ስልኬ ሲጮህ ሁሉም ስለሚያየኝ ከኳየር ወጣሁ። እሑድም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በር አጠገብ መቀመጥ ጀመርኩ። ነስሩ በክፍያ አልበደለኝም፣ ናዲያም ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ በወሩ ጥያቸው እሄድ ነበር።

ሰው ደግሞ አመሰገነኝ። ሊጠይቅ የሚመጣው ሁሉ «ጀነት ተጽፎልሻል» ይለኛል። የኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ከመድረክ ስሜን ጠርተው የፍቅር ምሳሌ አደረጉኝ፤ ጉባኤው አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ «መቼ ነው የምታርፊው?» ያለኝ አልነበረም። እንዲህ ከተመሰገንኩ በኋላ እንዴት ብዬ ደከመኝ እላለሁ?

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ሥራውን አወቅኩበት። ዳሌያቸው ላይ የነበረው የአልጋ ቁስል ተዘጋ። አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አድርገው ሲውጡ እንደማያንቃቸው አስተማርኳቸው። ነስሩ ሲኖር «አላመመኝም» እያሉ እንደሚዋሹ፣ እሱ ሲወጣ ብቻ እውነቱን እንደሚናገሩ ደረስኩበት። በረመዳን ተምር በእፍኝ ይሰጡን የነበሩ ትልቅ ሰው ሲታጠቡ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ኮሌጅ አልነገሩንም ነበር፤ ያንንም ተማርኩ። አራት ዓመት አያስፈልገውም ያልሽው ሥራ፣ ዱንያ፣ ከተማርነው ሁሉ ይልቅ ማሰብ የሚጠይቀው እሱ ነው። ጎበዝ መሆኔ ግን አስፈራኝ። ጎበዝ ከሆንኩ ማን ይለቀኛል?

ባለፈው ክረምት ቦምቤ ጤና ጣቢያ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ማስታወቂያ አወጣ። ለማንም ሳልነግር ተመዘገብኩ፣ ተፈተንኩ፣ አንደኛ ወጣሁ። «ሰኞ ሪፖርት አድርጊ» አሉኝ። ከመንገድ ዳር ቆሜ ለአባቴ ደወልኩለት። በወላይታቶ «ልጄ ሥራ ያዘች!» እያለ ሲጮህና አጠገቡ ያሉት ሰዎች እልል ሲሉ ሰማሁ።

ለነስሩ ስነግረው አልተቆጣም። የስኳር ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። «መብትሽ ነው» አለ። «ብዙ ቆይተሽልናል። መብትሽ ነው» ደጋግሞ አለ፤ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ናዲያ ነፍሰ ጡር ነበረች። «በዚህ ሆዴ እንዴት ላንሳው፣ ትርፍዬ?» አለችኝ። ቢሆንም አንዲት ጎበዝ ሴት ፈልገው አመጡ። ሁለት ቀን ሙሉ አሳየኋት፤ ቶሎ ገባት።

አባትሽ ግን ቅዳሜ ከሷ እጅ አልበላም አሉ። ናዲያ ሞከረች፤ ጥርሳቸውን ነከሱ። ነስሩ ለመናቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሑድም እንደዚያው። ሰኞ ጠዋት ሻንጣዬ ደረጃው አጠገብ ነበር። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በባዶ ሆድ ልስጥ ወይስ አልስጥ እያልኩ ቆሜ ነበር፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ማንኪያውን ካዲሷ ሴት እጅ ወሰድኩ። አፋቸውን ከፈቱ። በስምሽም ጠሩኝ።

ሻንጣውን ወደ ክፍሌ የመለሰው ነስሩ ነው። ሐሙስ ቀን ቦታው ለተጠባባቂዋ ተሰጠ።

ማንም አላሰረኝም። ይህን ነው ለሰው ማስረዳት ያቃተኝ። በሩ ክፍት ነው፣ መናኸሪያው በእግር ይደረሳል፣ ሰዎቹ መብትሽ ነው ብለውኛል። እኔ ግን መስኮቱ ጋ ቆሜ የዳሞታን ተራራ እያየሁ፣ እዚህ ቤት አርጅቼ ሌላ ሴት ማንኪያ ይዛ አጠገቤ ስትቀመጥ ይታየኝ ነበር። አባቴም መደወል አቆመ። እናቴ «ሰው ስላንቺ ሲጠይቀው ታማ ነው ይላል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ከአባትሽ ጋር መነጋገር ተውኩ። የሚገባውን ሁሉ አደርጋለሁ፤ አገላብጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ፤ ቃል ግን አልተነፍስም። ዱንያ ሲሉኝም አቤት አልልም፤ የፈለጉትን አምጥቼ ዝም ብዬ አስቀምጣለሁ። እሳቸውም ያዩኛል።

አንድ ከሰዓት እግራቸውን እያጠብኩ ነበር።

«ትርፌ» አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። «ምን አሉኝ?»

«ትርፌ። የአንጁሎ ልጅ። የበዴሳዋ።»

«ያውቁኛል?»

«ጭንቅላቴ ግማሹ ነው የሞተው» አሉ። «ግማሹ አለ።»

«ታዲያ ለምንድነው ዱንያ የሚሉኝ?»

ለመናገር ብዙ ይታገላሉ፤ ቃሉ እስኪወጣ ምራቃቸው ይቀድማል። ጠረግኩላቸውና ጠበቅኩ።

«ዱንያ ልጄ ናት። አንሺኝ እላታለሁ፣ እጠቢኝ እላታለሁ። የሌላ ሰው ልጅ እንዴት አዛለሁ? ገላዬን እንዴት አሳያለሁ? ልጄ ናት ካልኩ ይቀለኛል።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አፍሬ ነው፣ ትርፌ። ወላሂ አፍሬ ነው።»

ሁለተኛውን እግራቸውን ሳሙና መቀባት ጀመርኩ። እሳቸው ቀጠሉ።

«ያን ቀን አልበላም ያልኩት አውቄ ነው። እንዳትሄጂ ብዬ ነው።»

ዱንያ፣ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። በሽታ ነው ያልኩት ነገር፣ ቦምቤን ያሳጣኝ ነገር፣ አውቀው ያደረጉት ነበር። ፎጣውን ወርውሬ ወጣሁ። ደረጃውን ወርጄ፣ ሱቁን አልፌ፣ ነስሩ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ ሳልመልስ እስከ መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ። ረዳቱ «ቦምቤ! አንድ ሰው ቦምቤ!» እያለ ይጮሃል። ቦርሳዬን እንኳን አልያዝኩም። አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ፣ አለቀስኩ። ከዚያ አንድ እግራቸው ሳሙና እንደተቀባ ጥዬው መውጣቴ ታወሰኝ። ሳሙና ሲደርቅ ቆዳቸውን ያሳክካቸዋል፤ በግራ እጃቸው ደግሞ አይደርሱበትም። ራሴን እየረገምኩ ተመለስኩ።

ስገባ ነስሩ መሬት ላይ ተንበርክኮ እግራቸውን ያጥባል። ጠርተውት ነው። ውኃው ወለሉን ሁሉ አጥለቅልቆታል፤ እሱ ፊቱን አዙሮ ግድግዳውን እያየ ነው የሚያጥበው።

«እግሬ እዚህ ነው» ይሉታል። «ግድግዳውን ነው እንዴ የምታጥበው?»

«አባ፣ እንዴት ልይህ?» አለ ነስሩ። እያለቀሰ ነበር። «የአባቴን ገላ እንዴት አያለሁ?»

«እሷስ እንዴት አየችው?» አሉት። «እሷን ማን ወለዳት? እኔ ነኝ?»

ከዚያ ለሁለታችንም ስለ እህታቸው ነገሩን። ስለ አክስትሽ ስለ ጀዋሂር ሰምተሽ ይሆናል፤ እኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሳቸው ከስልጤ ለንግድ ወደዚህ ሲመጡ አያትሽ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ጀዋሂር አባቷን ይዛ ቀረች።

«በዓል በሄድኩ ቁጥር እመርቃታለሁ» አሉ። «አጎቶቻችን ይመርቋታል። ጎረቤቱ ይመርቃታል። መርቀን መርቀን እዚያው አስቀረናት። አባታችን ሲሞት ፀጉሯ ሸብቶ ነበር። አንድ ቀን እንኳን እኔ ልያዘው፣ አንቺ ውጪ አላልኳትም።»

ትንፋሻቸው አጠረ። ትራሳቸውን ከፍ አደረግኩላቸው።

«ነስረዲን፣ ከነገ ጀምሮ አንተ ታጥበኛለህ። ካዲሷም ሴትዮ እጅ እበላለሁ። አንቺ ደግሞ አስተምሪውና ሂጂ።»

ወዲያው አልሆነም። ወንድምሽ አስቸጋሪ ተማሪ ነው! ሳሙና ዓይናቸው ውስጥ ይከታል፣ ሲያገላብጣቸው እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ይጎትታቸዋል፣ አንዴ ከነአንሶላው ሊጥላቸው ሲል ለጥቂት ነው የያዝኳቸው። ስድቡ የመጣው ከዚያ ነው። ቀስ በቀስ ግን እጁ ረጋ። አንድ ጠዋት ስገባ ጢማቸውን እየላጨ ስለ ዘይት ዋጋ ይከራከራሉ፤ ሁለቱም መግባቴን አላስተዋሉም። በሩ ጋ ቆሜ ብዙ አየኋቸው። ናዲያም ወለደች፤ ሕፃኑን በደህናው ጎናቸው ታስተኛላቸዋለች።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። የማይረባ ነገር ነው፤ የምሄድበት ሥራ የለም። ቦምቤ ሞልቷል። ሃላሌ ጤና ጣቢያም ማስታወቂያ ሊወጣ ነው ይላሉ፣ እስካሁን ግን አላየሁም። በዴሳ አባቴ ቤት ተመልሼ እቀመጣለሁ፤ ምናልባት አሁንም ስለ በሬ ዋጋ ያወራ ይሆናል። ትናንት ደግሞ ከመንገድ ማዶ ያሉ ሴትዮ አዛውንት እናታቸውን እንድይዝላቸው ሊለምኑኝ መጡ። «ያንቺን እጅ ከተማው ሁሉ አውቆታል» አሉኝ። እንቢ አልኳቸው። እስከ ታች ሸኝቼያቸው ስመለስ ግን እናትየው በየትኛው ጎናቸው እንደሚተኙ፣ ቁስል እንዳላቸው ሳልጠይቅ መቅረቴ ሲከነክነኝ አመሸ።

ይህን ሥራ ጠልቼው እንደሆነ አንቺ ብትጠይቂኝ መልሱን በትክክል አላውቀውም። የአረጋውያን ክፍል የሚባል ነገር ቢኖር፣ ተረኛ ቢኖረው፣ ስሜ በር ላይ ትርፌ ተብሎ ቢጻፍ፣ ማታ ወደ ቤቴ ብሄድ፣ ምናልባት እገባበት ነበር። አሁንም ሕፃን ማየት ይናፍቀኛል። ግን ሽማግሌ ያለቀ ጉዳይ ነው ብዬ ከእንግዲህ አልልም፤ በተኙበት ሰው ሲሸውዱም፣ ሲያፍሩም፣ ሐሳባቸውን ሲለውጡም አይቻለሁና።

እሄዳለሁ ያልኳቸው ጊዜ አባትሽ እጄን ያዙኝ። ምርቃት ጠብቄ አንገቴን ዝቅ አደረግኩ።

«አልመርቅሽም» አሉኝ። «ሂጂ ብቻ።»

ዱንያ፣ ለምን እንደማትመጪ ገብቶኛል። ሐዋሳ ቅርብ ናት፤ ጠዋት ተነስተሽ ምሳ ሳይደርስ ሶዶ ነሽ። አባትሽን ስለማትወጂም አይደለም። ደረጃውን አንዴ ከወጣሽ ማንም እንደማያወርድሽ ፈርተሽ ነው። ነስሩ ያለቅሳል፣ አባትሽ እጅሽን ይይዛሉ፣ ጎረቤት ጀነት ተጽፎልሻል ይልሻል፣ አንቺም ሻንጣሽን ታስቀምጫለሽ። ይህን ፍርሃት እኔ ኖሬበታለሁ። ስለዚህ አልፈርድብሽም።

ደብዳቤ ልጽፍላት ነው፣ ምን ልበልልዎት ብዬ አባትሽን ጠይቄያቸው ነበር። የተናገሩትን ሳልቀንስ ሳልጨምር ይኸው፦

«እንግዳ ሆነሽ ነይ በያት። አልጋዬን አታንሺ፣ ልብሴን አታጥቢ። ቁጭ ብለሽ ሻይሽን ጠጪ። ከዚያ እኔ ራሴ መኪና ያመልጥሻል፣ ተነሺ እልሻለሁ።»

ጓደኛሽ፣
ትርፌ አንጁሎ
ወላይታ ሶዶ